ከላይ በተሰጠ አቅጣጫ መሠረት

ሰው ሲደክመው ወንበር ይፈልጋል። እትዬ መዝገብን ግን ያደከማት ራሱ ወንበሩ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ተቀምጣለች፤ አሥራ አንዱን ዓመት ፎቅ ላይ ታይፒስት ሆና፣ ሃያ ሦስቱን ምድር ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ። ወገቧ አልቋል፣ ዓይኗ ያለ መነጽር አይሠራም፣ ጉልበቷ ስትነሣ ቀጭ ይላል። እውነተኛ ስሟን የሚያውቀው የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ነው። ለሌላው ሁሉ እትዬ መዝገብ ናት፣ እሷም ከለመደችው ቆየች።

ሰኞ ጠዋት አንዲት ወጣት የሕግ ባለሙያ የወረቀት ቁልል ታቅፋ ደረጃውን ወርዳ መጣች። የአቤቱታ አጣሪ ኮሚቴ የሚባለው አዲስ ነገር አባል ናት። የኮሚቴው ሥራ ሲነገር ቀላል ነው፤ ድሮ ያለ ጥፋቱ በፖለቲካ ውሳኔ የተባረረ ወይም የተዛወረ የመንግሥት ሠራተኛ ካመለከተ ይመረምርና፣ ነገሩ እውነት ሆኖ ከተገኘ፣ «በደል ተፈጽሞብዎታል፤ ስምዎ ንጹሕ ነው» የሚል ደብዳቤ በማኅተም አድርጎ ይሰጣል። ካሳ የለው፣ ሹመት የለው፣ ወረቀት ብቻ ነው። እንዲያም ሆኖ ለዚያች ወረቀት የተሰለፈው ሰው ብዛት ጉድ ያሰኛል።

«እትዬ፣ አንድ ነገር አስቸገረን» አለች ልጅቷ፣ ቁልሉን ጠረጴዛው ላይ እያሳረፈች። «ደብዳቤዎቹ ሁሉ ላይ አንድ ሐረግ አለ። ‹ከላይ በተሰጠ አቅጣጫ መሠረት› ይላል። ይሄ ‹ላይ› የሚባለው ማነው?»

እትዬ መዝገብ ሳቋ መጣ። «ዕድሜሽ ስንት ነው ልጄ?»

«ሃያ ስድስት።»

«እንግዲያው አይፈረድብሽም።»

ልጅቷም ሳቀች፣ ግን አልተወቻትም። «ሰብሳቢያችን መዝገብ ቤቱ አጭር ማብራሪያ ይጻፍልን ብለዋል። አባባሉ ምን ማለት ነበር? ከመቼ ጀምሮ ተጻፈ? እነማን ተጠቀሙበት? ‹ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ› እንደሚባለው ያለ የአፍ ልማድ ነው ወይስ እውነት ትእዛዝ ነበር? እሱን ካላወቅን ማንን በዳይ እንደምንል አናውቅም። ሁለት ገጽ ይበቃናል። ለዓርብ።»

ሌላ ቀን ቢሆን እትዬ መዝገብ «ዓርብ? የትኛው ዓመት ዓርብ?» ብላ ትመልሳት ነበር። የጡረታዋ ቀን ሰባት ወር ቀርቶታል፤ አሁን እሷን ማን ያዛታል። ግን ቁልሉን ስታገላብጥ ሰባተኛው ደብዳቤ የወንድሟ ሆኖ አገኘችው። ሳይነግራት አመልክቷል።

«እሺ» አለች። «ለዓርብ።»

ወንድሟን እሷ ወንድም ጋሼ ትለዋለች፤ የሰፈሩ ሰው ደግሞ «ላይ የፈራው» ብሎ ስም አውጥቶለታል። ከሃያ ዘጠኝ ዓመት በፊት እዚሁ ከተማ የሒሳብ መምህር ነበር። ሠላሳ ሦስት ዓመቱ፣ እጮኛ ያለው፣ እናቱን የሚጦር፣ ሸሚዙን ራሱ የሚተኩስ ጎልማሳ። አንድ ቀን ከላይ በተሰጠ አቅጣጫ መሠረት ጠረፍ ላይ ወዳለ ትምህርት ቤት ተዛውረዋል የሚል ደብዳቤ ደረሰው። በአውቶቡስ ሁለት ቀን ይወስዳል። ሄደ። እጮኛው ሦስት ዓመት ጠብቃ አገባች። እናቱ ስትሞት መርዶው የደረሰው በዘጠነኛው ቀን ነው። ስልሳ ሲሞላው ጡረታ ወጥቶ፣ ባለ አንድ ሻንጣ ሆኖ፣ እህቱ ቤት ገባ።

ታዲያ ሰውየው በምን ቆመ ብትሉ፣ በዚያችው ሐረግ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈሩ ሰው ደጃፉ ላይ ሲሰበሰብ ይተርክላቸዋል። «አንድ ስብሰባ ላይ ስለ መጻሕፍት እጥረት ተናገርኩ፤ አዳራሹ ጸጥ አለ። ከፊት ወንበር አንድ ሰው ማስታወሻ ሲይዝ በዓይኔ በብረቱ አየሁት።» አንዳንዴ ማስታወሻ የያዘው ሰው ምክትል ሚኒስትር ይሆናል፣ አንዳንዴ የደኅንነት ሹም። ብቻ ላይ ያለ ሰው ፈርቶታል። ሕይወቱ ቢበላሽም ለትልቅ ምክንያት ነው የተበላሸችው፤ ያንን ማንም አልነጠቀውም። አሁን የሚፈልገው ወረቀቷን ነው፤ «በደል ተፈጽሞብዎታል» የምትለውን። ሌላ ምንም አይፈልግም፤ ስንቱን ጠይቆ ሲያጣ የኖረ ሰው ነው።

እትዬ መዝገብም ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ብላ ከመጨረሻው መደርደሪያ ጀመረች። ሐረጉ የመጣበት የመጀመሪያው ደብዳቤ የአርባ ሦስት ዓመት ዕድሜ አለው። «ዛሬ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ላይ የሚኒስትሩ ልዩ ጸሐፊ ከላይ በስልክ በሰጡን ትእዛዝ መሠረት» ይላል። ሰዓት አለው፣ ስልክ አለው፣ ሰው አለው። ደግ ትእዛዝ ባይሆንም ባለቤት ያለው ትእዛዝ ነው። የተባረረው ሰውዬ ወኔ ካለው ሄዶ «ምን በደልኩ?» ብሎ የሚያንኳኳው በር አለ።

ከሦስት ዓመት በኋላ ሰዓቱ ጠፋ። ቀጥሎ ስልኩ ጠፋ። ቀጥሎ ልዩ ጸሐፊው ራሱ ጠፋና «ከላይ» ብቻዋን ቀረች። ከዚያ ደግሞ ትእዛዝ የሚለው ቃል ለጆሮ ከበደ መሰለኝ «አቅጣጫ» ተባለ። ትእዛዝ ሲባል ማን አዘዘ ብሎ መጠየቅ ይመጣል፤ አቅጣጫ ሲባል ግን ሰው ዝም ብሎ ወደዚያው ይዞራል።

መንግሥት ሲለወጥ በየቢሮው ግድግዳ ላይ የነበረው ፎቶ ወረደ፣ ሐረጓን ግን ማንም አላወረዳትም። አዲሶቹ ሹሞች የድሮዎቹን ሥራ ሁሉ እየኮነኑ ይቺን ግን እንደ ልጃቸው አቀፏት። ምን ያድርጉ፣ ትመቻለች! አለቃ ሰው ማባረር ሲፈልግ «እኔ ምን ላድርግህ ወንድሜ፣ ከላይ ነው» ይላል። ተባራሪውም አለቃውን ሳይጠላ፣ እንዲያውም አዝኖለት፣ ተሰናብቶት ይሄዳል።

ከዚያ ወዲያ ሐረጓ ወደ ታች ወረደች። የንብረት ክፍል ኃላፊው የሁለተኛውን ፎቅ ሽንት ቤት ቆልፎ «ከላይ በተሰጠ አቅጣጫ መሠረት ተዘግቷል» ብሎ ለጠፈ። አራት ዓመት ሙሉ ሠራተኛው ሁሉ፣ ዳይሬክተሩ ራሱ ሳይቀር፣ ምድር ቤት እየወረደ ሸና። በኋላ ሲጣራ ሰውየው ቁልፉ ጠፍቶበት ነው። እትዬ መዝገብ ያንን ማስታወቂያ ማኅደሩ ውስጥ ስታገኘው ብቻዋን እስኪያስላት ሳቀች።

ረቡዕ ዕለት አንድ ነገር ስትቆጥር ግን ሳቋ ቆመ። ሐረጉ ያለባቸው የዝውውር ደብዳቤዎች አራት መቶ ስድስት ናቸው። ከነዚያ ሁሉ መሐል ይግባኝ ያለ ሰው አንድም የለም። ሐረጉ በሌለባቸው ደብዳቤዎች ላይ የተጻፈው ይግባኝ ግን አንድ ሙሉ መደርደሪያ ይዟል። ከላይ በላይ ማን አለና ይጮኻል! ሰው ደብዳቤውን ይቀበላል፣ «ላይ» የሚለውን ያነባል፣ ሻንጣውን ይዘጋል።

ከእነዚያ ደብዳቤዎች ብዙዎቹን ደግሞ ማን ተየባቸው? እሷው ናት። መደበቅ አያስፈልግም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታይፒስት ሆና በአራተኛው ዓመቷ የዝውውር ደብዳቤው በዝቶ ጣቷ አበጠ። ሁሉም ደብዳቤ አንድ ዓይነት ነው፤ የሚለያየው ስሙ፣ የሥራ መደቡና የሚሄድበት ቦታ ብቻ ነው። እሷም በራሷ ብልሃት እነዚያን ሦስት ቦታዎች ባዶ ትታ፣ ሌላውን «ከላይ በተሰጠ አቅጣጫ መሠረት» ብላ ጀምራ ስቴንስል ላይ ተየበችና በማባዣ መኪና አምስት መቶ ቅጂ አወጣች። ከዚያ ወዲያ የዚያን ጊዜው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ ሲያስል የሚውለው ሰውዬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ባዶውን በብዕር ይሞላል፤ ዳይሬክተሩ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሳያነብ ይፈርማል፤ ማኅተም ይመታል፤ አለቀ። ለዚህ ብልሃቷ የምስጋና ደብዳቤ ተጽፎላታል። በፈቃዱ ለሚዛወር ሰው የሚጻፈውን ደብዳቤ ግን አላባዛችም። ማን በፈቃዱ ይሄዳል? በወር አንድ ቢመጣ ነው። እሱን እንደ አዲስ ትተይበዋለች፤ ወረፋው ሁለት ቀን ይፈጃል።

የወንድሟ ደብዳቤ የመጣ ቀን የራሷን ፎርም አውቃዋለች። ግርጌው ላይ የስሟ መነሻ ፊደላት አሉ። አልቅሳለች፣ ግን «ላይ ያሉት ወሰኑ፣ እኔ ጣቴን ነው ያዋስኩት» ብላ ራሷን አጽናናች። ከሁለት ወር በኋላ ዳይሬክተሩ ራሱ ተነሥቶ ሌላ ሲመጣ፣ ፈራ ተባ እያለች ስለ ወንድሟ ጠየቀችው። አዲሱ ዳይሬክተር ግልባጩን አየና «ከላይ የመጣውን አትነካኪ፣ ለራስሽም እዘኚ» አላት። ለራሷ አዘነች። ከዚያ በኋላ ጠይቃ አታውቅም።

ሐሙስ ጠዋት «ልዩ ልዩ ረቂቆች» የሚል ማኅደር ከፈተች። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ማንም አልነካውም፤ ክሩ ሲፈታ ተበጠሰ። መሐሉ ላይ በዚያን ጊዜው ዳይሬክተር እጅ የተጻፈ ብጣሽ ወረቀት አለ። የወንድሟ ስም አለበት።

«በጠረፉ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህሩ ታመዋል። ለአንድ መንፈቅ ብቻ የሚተካ ሰው ይፈለጋል። እኚህ መምህር ጎበዝ ናቸው። ፈቃደኛ መሆናቸው ይጠየቅና የፈቃድ ደብዳቤ ይዘጋጅላቸው።»

ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ የዚያ የሚያስለው ሰውዬ ጽሕፈት አለ። «የፈቃድ ፎርም የለም። ታይፒስቷ ዘንድ ወረፋ ነው። ባለው ፎርም ተሠርቷል።»

ደግማ አነበበችው። ሦስተኛ ጊዜ አላነበበችውም፤ ምን ሊጨምርላት። ላይ የሚባል ሰው አልነበረም። ማስታወሻ የያዘ ምክትል ሚኒስትር የለም፣ የደኅንነት ሹም የለም፣ የፈራ የለም። አንድ የታመመ መምህር፣ አንድ የሚቸኩል ጸሐፊ፣ አንድ ቁልል ፎርም። ፎርሙ ላይ ደግሞ «ለአንድ መንፈቅ» የሚባል ነገር የሚጻፍበት ቦታ የለውም፤ እሷ አልተወችለትም። ሥራ ለሠሪው እሾህ ላጣሪው ይባላል፤ እሷ ግን እሾሁን አጥራ የገዛ ወንድሟን ነው ከውጭ ያስቀረችው። መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ ተደፋች፤ አላለቀሰችም፤ ልቅሶም እኮ አቅም ይጠይቃል።

ብጣሹን ብትቀደው ማን ያውቃል? ኮሚቴው ሐረጉን አይቶ፣ የሁሉንም እንደሚሰጥ የወንድሟንም ይሰጠዋል። ብታስገባው ግን የቢሮ ስሕተት ነው ተብሎ ባዶ እጁን ይቀራል። በሠላሳ አራት ዓመት አንድ ወረቀት ጠፍቶባት አያውቅም። ያም ሆኖ ለወረቀት ክብር ብላ ወንድሟን ሁለተኛ ጊዜ ልትበድል አልፈለገችም። ወረቀቱን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና በምሳ ሰዓት ወደ ቤት ሄደች።

ወንድሟ ወጥ ቤት ተቀምጦ ድንች ይልጣል። የእሱ ልጣጭ ስስ ነው፤ ብቻውን ሃያ ሰባት ዓመት ያበሰለ ሰው ነው።

«ምነው በጊዜ? አመመሽ እንዴ?»

«ደከመኝ ወንድም ጋሼ።»

«አንቺ ደግሞ! ያልደከመሽን ቀን ብትነግሪኝ ይቀለኛል» ብሎ ሳቀ።

«ማመልከቻህን አየሁት።»

ትንሽ አፍሮ ፈገግ አለ። «ሲሳካ ልነግርሽ ነበር።» ከዚያ ፊቷን አየና ቢላዋውን አስቀመጠ። «አገኘሽው? ማነው?»

ወረቀቱን ሰጠችው። እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ መነጽሩን ከኪሱ አወጣ፣ ወደ መስኮቱ ዞሮ አነበበ። የመምህር አነባበብ ነው፤ እያንዳንዱን መስመር በአውራ ጣቱ ይከተላል። ቀዩ ጽሑፍ ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ።

«አንድ መንፈቅ» አለ።

«አዎ።»

«የትምህርት መንፈቅ አምስት ወር ነው እኮ።»

ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋው።

«ቢጠይቁኝ እሺ እል ነበር» አለ። ድምፁ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻላት ነበር። «ይገርምሻል። ጎበዝ ናቸው ብሎኛል ሰውየው። ደስ ብሎኝ እሄድ ነበር። አምስት ወር አስተምሬ፣ ለክረምት እመለሳለሁ። እማዬን በእጄ እቀብራት ነበር። እሷም...» የእጮኛውን ስም ሊጠራ ፈልጎ ተወው። ወረቀቱን እንደገና አየ። «ባለው ፎርም ተሠርቷል ይላል። ፎርሙን ማነው ያወጣው?»

ከቢሮ እስከ ቤት ስትፈራው የመጣችው ጥያቄ ይኸው ነው።

«እኔ ነኝ።»

ወንድሟ ቢላዋውን አነሣና አንድ ድንች ላጠ። ልጣጩ ወፍራም ነበር፣ ግማሹ ድንች አብሮ ሄደ።

«ኮሚቴው ይሄን ካየ ምን ይላል?»

«የፖለቲካ ውሳኔ አይደለም ይላል። ደብዳቤው ይቀርብሃል። ማንም አላየውም። ካልክ አልሰጣቸውም።»

«አንቺ ወረቀት ትደብቂያለሽ?»

«ለአንተ እደብቃለሁ።»

ውሃው ምድጃው ላይ ፈልቶ ክዳኑን ያንኳኳል፤ ማንኛቸውም አልተነሡም።

«ሃያ ዘጠኝ ዓመት በሌለ ሰው ስናደድ ኖርኩ» አለ በመጨረሻ። «አሁን ደግሞ የሌለ ሰው በድሎኛል የሚል ደብዳቤ ልቀበል? ስጪያቸው።»

ምሳ ሳትበላ ወደ ቢሮ ተመለሰች።

ዓርብ ጠዋት ሁለቱን ገጽ ጻፈች። ሐረጉ መጀመሪያ ሰውም ሰዓትም እንደነበረው፣ አንድ በአንድ እንደጠፉበት፣ በኋላ የፈራ ሁሉ፣ የሰነፈ ሁሉ፣ ቁልፍ የጠፋበት ሁሉ ከኋላው እንደተደበቀ ጻፈች። መጨረሻ ላይ «አንዳንድ ጊዜ እውነት ከላይ የመጣ ትእዛዝ ነበር። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ የተዘጋጀ ፎርም ብቻ ነበር። ተቀባዩ ሁለቱን መለየት አይችልም፤ ጸሐፊውም አይችልም ነበር» አለች። ብጣሹን ወረቀት አያይዛ አስረከበች።

የሕግ ባለሙያዋ ቆማ አነበበችው። ጨርሳ ቀና ስትል ዓይኗ ቀልቷል።

«አዝናለሁ እትዬ። ይሄ ከኮሚቴው ሥልጣን ውጭ ነው የሚሆነው።»

«አውቃለሁ።»

«የመዝጊያ ቅጹ ላይ ግን ‹በዳይ› የሚል ቦታ አለ። ምን ልሙላበት?»

«የእኔን ስም ሙዪ።»

«እንዴ! እርስዎ እኮ ታይፒስት ነበሩ እንጂ...»

«ልጄ፣ ሁላችንም ‹እንጂ› ባዮች ነበርን።»

ልጅቷ እስክሪብቶዋን ይዛ ቆይታ፣ ቦታውን ባዶ ትታ ማኅደሩን ዘጋችው።

በማግስቱ ቅዳሜ እንደ ወትሮው ደጃፉ ላይ ሰው ተሰበሰበ። ልብስ ሰፊው መጣ፣ ጡረተኛው ሾፌር መጣ፣ ዱቄት ነጋዴው መጣ። ወንድሟ ተላጭቶ፣ ሸሚዙን ተኩሶ ለብሶ ወጣ። እትዬ መዝገብ ሻይ ይዛ ስትመጣ በሩ ላይ ልብስ ሰፊውን ሰማችው።

«ጋሼ ላይ የፈራው! እህትዎ ማኅደሩን አገኘችው አሉ፤ ሰፈሩ ሁሉ አውርቶ ሊሞት ነው። ንገሩን እንጂ፣ ለካ ማን ነበር?»

ወንድሟ ቀና አለ። ትሪ ይዛ ቆማ አያት። ሊናገር ነው፤ ይናገር፣ መብቱ ነው አለች በልቧ።

«ሞቷል» አለ።

«አይ!» አለ ሾፌሩ። «ሳይጠየቅ?»

«ሳይጠየቅ። ከሞተ ሰው ጋር ደግሞ ምን ሙግት አለ።»

«ነፍሱን አይማረው!» አለ ልብስ ሰፊው፣ ከልቡ ነው።

ሌሎቹም «አይማረው፣ አይማረው» አሉ። ወንድሟ ተዉ አላላቸውም። እትዬ መዝገብ በየተራ ሻዩን አደለች፤ መጨረሻ ላይ ለእሱ ስታቀርብለት ብርጭቆውን በሁለት እጁ ተቀበለና፣ ዓይኗን ሳያይ፣

«እግዜር ይስጥልኝ» አላት።

አብረው ካደጉ ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ብሏት አያውቅም፤ ለባዳ ነው እንዲህ የሚባለው።